በቁጭ ብድግ አልጋ ላይ የዋልኩበት ፋሲካ

ይህ ጽሑፍ ስለ ሽንት ነው። የሚያፍር ካለ አሁኑኑ ይለፈው። እኔ እንደሆንኩ ኀፍረቴን ሆስፒታል አልጋ ላይ ትቼው ስለመጣሁ እንደ ልቤ ነው የማወራው።

ትሁን እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከክፍል መልስ ደግሞ ለወጣቶች የአካል ብቃት ቪዲዮ እየቀረጽኩ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እለጥፋለሁ። ያለኝ ዕቃ ውኃ የሞላ ጀሪካን፣ አንድ በርጩማና የግቢያችን ግንብ ነው። ልብሴም ከላይ ረጅም ቀሚስ ከሥር ሱሪ ነው፤ በሱሪ ብቻ ብታይ እማየ ከነስልኬ ታባርረኝ ነበር። ነገሩ ግን በጀኝ። ከማንኩሳ፣ ከቡሬ፣ ከየገጠሩ ልጃገረዶች "ቲቸር፣ እኛም በቀሚሳችን ጀመርን" እያሉ ይጽፉልኛል። እንዲህ ያለ መልእክት ያየሁ ቀን እራት ሳልበላ እጠግባለሁ።

ከሁሉ የሚወደድልኝ ቁጭ ብድግ ነው። እማየ ይህን መቼም አትረዳውም። አርፍዶ የመጣ ተማሪ የሚቀጣበትን ነገር ሰው ወዶ ይሠራል ቢሏት አታምንም። የምትቀርጸኝ ግን እሷው ናት። ስልኩን ይዛ "ምን አጥፍተሽ ነው አሁን?" እያለች ፊቷን ስለምታዞር ግማሹ ቪዲዮዬ ላይ የሚታየው ዶሮዎቻችን ናቸው።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ ፕሮግራም አወጣሁ። ከጾሙ መጀመሪያ አንሥተን ቁጭ ብድጉን በየሳምንቱ እየጨመርን ሄደን ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በቀጥታ ሥርጭት አብረን ልንጨርስ። መጀመሪያ ላይ እኔም ከልቤ እሠራ ነበር። ከዚያ የፈተና እርማት መጣና ለሳምንታት ከወንበር አልተነሣሁም። ገጼ ግን አልተቋረጠም፤ አስቀድሜ ቀሚስ እየቀያየርኩ ብዙ ቪዲዮ ቀርጬ አስቀምጬ ነበርና እሱን እየለጠፍኩ "ዛሬም ሠርተናል" እላለሁ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቪዲዮው ይሮጣል፣ ባለቤቱ ተቀምጧል።

ሐሙስ ጠዋት ጉልባኑ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ እኔ ግቢ ውስጥ ቀጥታ ገባሁ። ገና ከግማሹ ሳልደርስ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተማሪዬ ቢሆን "ቁም፣ ይበቃሃል" ነበር የምለው። ስልኩ ላይ ግን የልብ ምልክቱ እየተግተለተለ ይወጣል፤ "ቀጥይ ቲቸር"፣ "አንች ብረት ነሽ" ይላሉ። ብረት የተባለ ሰው በምን አፉ ደከመኝ ይላል? ጨረስኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ቤት ስገባ ደረጃዋን ግድግዳ ይዤ ነው የወጣኋት።

ማግስቱ ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምረን ውኃ እንኳ ሳንቀምስ፣ ካህናቱ "ኪርያላይሶን" ሲሉ እየተቀበልን ስንሰግድ ዋልን። ሰው እየደከመው አረፍ ይላል፤ እኔ አላረፍኩም። ልማድ ነውና ወገቤን ቀጥ፣ ትንፋሼን መጠን አድርጌ እወርዳለሁ፣ እነሣለሁ። አጠገቤ ያሉ ባልቴቶች "እሰይ የኔ ልጅ፣ ጉልበቱን ያብዛልሽ" ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል። ማታ የንስሐ አባቴ አባ መዝገቡ በወይራው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ስግደት ሲያዝዙኝ፣ ያዘዙኝን ጨርሼ ከላዩ ጨመርኩበት። በዚያ ላይ አክፍሎት ያዝኩ። እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ በአፌ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማውን በራሴ እንዳሰርኩ ሽንት ቤት ገባሁና መቀመጥ አቃተኝ። አዎ፣ የቁጭ ብድጓ መምህርት ቁጭ ማለት አቃታት። ጭኔ አብጦ ጠጥሯል፤ ሲነኩት ያቃጥላል። የበሩን እጀታ ይዤ እንደምንም ወረድኩ። የወጣው ሽንት ጥቂት ነው፤ መልኩ ጥቁር ሻይ ይመስላል። ደነገጥኩ፤ ወዲያው ግን ውኃ ስላልጠጣሁ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ደግሞ ለማን ልንገር? "እማየ፣ ሽንቴ ጠቆረ" ብሎ በዓል ይበላሻል እንዴ!

በዓሉ እንደሆነ መበላሸቱ አልቀረም። የዶሮ ወጡ ሽታ ገና ሲደርሰኝ አንጀቴ ተገለበጠ። ውኃ ስጠጣ ይመለሳል። ሰኞ ከቤታችን አቅራቢያ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩና ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስም ነካ አድርጎሻል ተባልኩ። በኛ አገር ክሊኒክ የገባ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሳይሸለም መቼ ይወጣል? ለጭኔ ሕመም የማስታገሻ መርፌ ወጉኝ። ያ መርፌ ለእንደኔ ዓይነቱ ሕመም ጭራሽ የማይመከር መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ስለ ሽንቴ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ያወቀችብኝ እማየ ናት። ከደጅ መውጣት ሲያቅተኝ ፖፖ አቀረበችልኝና ያየችውን አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። "የወፍ በሽታ ነው" አለች። ሽንት ከጠቆረ የወፍ በሽታ ነው፣ የወፍ በሽታ ደግሞ ቅጠል እንጂ መርፌ አይወድም፤ ይህ በኛ ዘንድ የታወቀ ነው። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። የኔ ዓይን ነጭ ነበር። ያንን ግን እኔ ራሴ፣ ዲግሪ ያለኝ መምህርት፣ በመስታወት አይቼ ልብ አላልኩትም።

አክስቴ ጥሩነሽ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምትኖር። እሷ ሰፈር መድኃኒቱን የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ ተብሎ በሚኒባስ ቡሬ፣ ከዚያ በጋሪ ሄድን። ጋሪው በነጠረ ቁጥር ጭኔ ላይ የሚሰማኝን ሕመም ልነግራችሁ አልችልም። ሽማግሌው የተጨመቀ ቅጠል በኩባያ ሰጡኝ፤ ጠጣሁት። ደጃፉን ሳልሻገር ሁሉንም አስመለስኩት። አክስቴ "እሰይ፣ ወጣላት!" ብላ ደስ አላት። አሁን ሳስበው በእርግጥም ደግ ነገር ነበር፤ ያ ቅጠል ሆዴ ውስጥ ቢቆይ ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው አክስቴ ቤት ስነቃ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። ፊቴ አብጧል፣ ጣቴ አብጦ ቀለበቴ አልወጣ ብሏል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሽንቴ ጭራሽ ቆመ። እማየ ሆስፒታል እንሂድ ስትል አክስቴ ተቆጣች። የቅጠል መድኃኒት የቀመሰን ሰው መርፌ ከነካው ይገድለዋል የሚባል ነገር አለ፤ አክስቴ ይህንን ከልቧ ታምናለች። ልጅሽን በእጅሽ ልትገድያት ነው ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱ እኅትማማቾች በሕይወታቸው ተጣልተው አያውቁም። እማየ ነጠላዋን አጣፍታ፦

"ጥሩነሽ፣ ቅጠሉንም አላውቀው፣ መርፌውንም አላውቀው። እኔ ልጄን ነው የምፈልግ። ከበሩ ላይ ዞር በይልኝ" አለቻት።

አክስቴ ዞር አለች። ሳይሳሳሙ ተለያዩ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ሆስፒታል ስንደርስ የተራ መጠበቂያው ወንበር ሞልቷል። እኔ ግን ወንበሩም ቢገኝ መቀመጥ አልችልም፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከማንኩሳ አካባቢ የመጡ፣ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ አንድ ገበሬ አይተውኝ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አነጠፉልኝና "በጎን፣ በጎን ሁኚ ልጄ" አሉኝ። በጎን ጋደም አልኩ። እሳቸው በታመመው እግራቸው ቆሙ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተራዬ ደረሰ፤ ባሉበት ዕድሜ ይስጣቸው።

ወጣት ሐኪም ነው የተቀበለን። ወድቀሽ ነበር? የመታሽ ሰው አለ? የወሰድሽው መድኃኒት አለ? ብሎ ጠየቀኝ። ስለ መርፌውም ስለ ቅጠሉም ነገርኩት። የቀረውን ግን ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ልንገራችሁ። ቁጭ ብድጉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም፤ ስግደቱን ደግሞ ብናገር ጾሜን የከሰስኩ፣ ቤተ ክርስቲያንን ያማሁ መሰለኝ። እማየ አጠገቤ ቆማለች። ሰግዶ የታመመ ሰው አለ እንዴ? ስለዚህ "ምንም አላደረግሁም" አልኩት። ሐኪሙ ጭኔን ዳሰሰ፣ ግራ ገባው፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

ይሄኔ ደም ልትቀዳኝ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር እቴነሽ፣ ፊቴን አተኩራ አየችኝ። ያበጠ ፊት ነውና ጊዜ ወሰደባት።

"የቁጭ ብድጓ ቲቸር አይደለሽም?" አለችኝ። "ሐሙስ እኮ አብሬሽ ጀምሬ እኩሌታው ላይ ጥዬሽ ወደ ሥራ ሮጥኩ። አንች ጨረስሽው?"

ሐኪሙ ቀና አለ። ስንት ሠራሽ? ከዚያ በፊት በየቀኑ ትሠሪ ነበር? ውኃ ጠጥተሻል? በማግስቱስ? እያለ አንድ በአንድ መዘዘው። ስቅለት ላይ ስንደርስ እማየን አየኋት፤ እማየም አየችኝ። ቀስ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሙ አልሳቀም፣ አልገሰጸኝም። ያልለመደ ጡንቻ ባንዴ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹ በደም ገብቶ ኩላሊት ላይ ይደርሳል፤ ውኃ በሌለበት ሰውነት ደግሞ ደለል የመስኖ ቦይ እንደሚዘጋው ኩላሊቱን ይዘጋዋል አለን። ሽንቴን ጥቁር ያደረገው የገዛ ሥጋዬ ነው ማለት ነው። እማየ ይህን ስትሰማ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች።

ሕክምናው ግሉኮስና ጥበቃ ነው። ሽንቴ ከተመለሰ ኩላሊቴ ይድናል፤ ካልተመለሰ ባሕር ዳር ሄጄ ደሜ በማሽን ይታጠባል። ዕጥበቱ ደግሞ እስከ መቼ እንደሚቀጥል ማንም አያውቅም። እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ በማሽን ልኖር? አስተማሪነቴስ? ፍርሃቱ ቀን ቀን ከጠያቂ ጋር ሲሆኑ ይቀላል፤ ሲመሽ ግን ደረቴ ላይ ይወጣል። እማየ የሽንት መለኪያዋን ፕላስቲክ አልጋው ሥር አስቀምጣ ዓይኗን አትነቅልባትም። ለግሽ ዓባይ ተሳለች። በመሐል በመሐል ስልኬን እያየች "ይች ናት የበላችሽ" ትላለች።  

አባ መዝገቡ ሊጠይቁኝ መጡ። እማየ ነገሩን ነግራቸዋለች። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሳቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ አልጋው አጠገብ ተቀመጡና፦

"ልጄ፣ ስግደት በአቅም ነው" አሉኝ። "ሕመምተኛ አይሰግድም፣ ነፍሰ ጡር አትሰግድም፣ አራስ አትሰግድም። ይህን ያለው ሐኪም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ናት። በወይራው ስመታሽ የዛለ ጭን ይዘሽ መምጣትሽን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ያዘዝኩሽ የደኅና ሰው ስግደት ነበር።"

"እርስዎን ማሳዘን ፈርቼ ነው፣ አባ" አልኳቸው።

"አሁን አላሳዘንሽኝም? በይ ስሚኝ፣ አሁን ሃምሳው ነው። ጾም የለ፣ ስግደት የለ። የታዘዘልሽ ዕረፍት ነው፤ እሱን ደግሞ በሥርዓት ፈጽሚ።"

እሳቸው ከወጡ በኋላ ብዙ አለቀስኩ። እግዚአብሔር አልተቆጣኝም ለካ። እማየም አለቀሰች፤ እሷም ለካ ይህንኑ ፈርታ ኖሯል።

ሽንቴ የተመለሰው ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ጠብታ ነበር። ከዚያ እማየ ደግፋኝ መጋረጃው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ መለኪያዋ ሞላች። መልኩ አሁንም ጠይም ነው፤ ሻዩ ግን ቀጥኗል። እማየ መለኪያዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና እልልታዋን ለቀቀችው። ክፍሉ ሁሉ ብድግ አለ። ከወዲያ ጥግ የተኙት እናት ጠያቂዎች ተቀብለው እልል አሉ። አንዷ ሴትዮ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው "እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?" አሉ።

"ሽንት ነው፣ እትየ!" አለች እማየ።

የሳቁ ብዛት! እኔ ሆዴን ይዤ፣ ሲስተር እቴነሽ በሩን ተደግፋ። በዚያው ቅጽበት አክስቴ ጥሩነሽ እንቁላል በቅርጫት ይዛ ከበሩ ደረሰች። እልልታውን ሰምታ ሞቼ ይሁን ድኜ ግራ ገብቷት ቆማለች። እማየ መለኪያዋን እንደያዘች ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጥቂት ፈሰሰባት መሰለኝ፤ አክስቴ ግን አገላብጣ ሳመቻት።

ከዚያ ወዲያ ሽንቴ እየጠራ፣ የደም ምርመራው ቁጥር እየወረደ ሄደ። ማሽንም ባሕር ዳርም ቀረልኝ። ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ከአልጋዬ ሳልወርድ ስልኬን አምጪልኝ አልኩ። እማየ አኮረፈች፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን ራሷ ቀረጸችኝ፣ በዚያን ቀን ፊቷንም አላዞረችም። ባበጠ ፊቴ ሆኜ፦ ሐሙስ አብራችሁኝ የሠራችሁ፣ በተለይ ሠርታችሁ የሰገዳችሁ፣ ሽንታችሁን እዩ። ጠቁሮ ከሆነ፣ ጭናችሁ አብጦ ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፤ ምን እንደሠራችሁም ሳታፍሩ ተናገሩ አልኳቸው። ቀልደኛው ብዙ ነው፤ "ቲቸር የሽንት ምርመራ ጀመረች" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከቡሬ አንድ ወጣት ግን የሱም ሽንት ሻይ መስሎ ነበርና ተመርምሮ፣ ውኃ ጠጣ ተብሎ በደኅና መመለሱን ጻፈልኝ። ያችን መልእክት ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት።

ማገገሙ በዝግታ ነበር። ሃምሳውን በአባ ትእዛዝ አረፍኩ፤ አኩርፌም ቢሆን አረፍኩ። ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ የመጀመሪያዋን ቁጭ ብድግ እማየ ሁለት እጄን ይዛ አሠራችኝ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ። "ይበቃል" አለች። በቃ። ይህንንም ለጠፍኩት፤ ከሠራሁት ቪዲዮ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። አሁን የማሳየው ያን ዕለት የሠራሁትን ብቻ ነው። ካልሠራሁ "ዛሬ አልሠራሁም" ብዬ ዶሮዎቹን እቀርጻለሁ። እናንተም ከተዋችሁት ቆይታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ካቆማችሁበት አትጀምሩ፤ ከታች ጀምሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ "ቀጥይ" የሚላችሁ ሰው የሚያመው የሱ ጭን እንዳልሆነ አስቡ።

እማየን ግን አንድ አመል ያዛት። ጠዋት እንደ ሰው ልጅ "እንደምን አደርሽ" አትለኝም። "ሸንተሻል?" ነው የምትለኝ። እንግዳ ይኑር፣ ርእሰ መምህሩ ይኑር ግድ የላትም። "ሸንቻለሁ እማየ" እላለሁ። "መልኩስ?" ትላለች።

በዓመቱ ስቅለት ደረሰ። አባ መዝገቡ አስቀድመው ጠርተው ጥቂት ብቻ እንድሰግድ፣ ውኃም እንድቀምስ አዘዙኝ። የታዘዝኩትን ፈጽሜ ከአሮጊቶቹና ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጥድ ሥር ተቀመጥኩ። እማየ "የቀረብሽን እኔ እሰግድልሻለሁ" ብላ ከሰዉ መሐል ገብታለች። ከሩቅ አያታለሁ። ትወርዳለች፣ ትነሣለች። ሌላው አረፍ ሲል እሷ አታርፍም። ፀሐዩ ከረረ፣ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አሁንም ትወርዳለች። አጠገቧ ያሉት "ጉልበቱን ያብዛልሽ" ይሏታል፤ ያን ጊዜ ይብስባታል። አየ፣ የማን ልጅ ኖሬያለሁ!

ተነሥቼ ሄድኩና ክንዷን ያዝኩ። እምቢ አለች። ያንች ገና አላለቀም ብላ ልትወርድ ስትል አጥብቄ ይዤ ወደ ጥዱ አመጣኋት። እያለከለከች ሥሩ ላይ ተቀመጠች። የያዝኩትን ውኃ ከፍቼ ሰጠኋት፤ አንዴ ወደ ቤተ መቅደሱ፣ አንዴ ወደኔ አይታ ተጎነጨች። ላቧን በነጠላዬ ጠረግሁላትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

"እማየ፣ ሸንተሻል?" አልኳት።